ከጎማ ከተማ እስከ ጠፈር፦ የዶክተር ጁዲት ሬዝኒክ ሕይወት



በዚህ እትም የአንዲት አርአያ ሴት ታሪክ እንዳቀርብ ተራው ሲደርሰኝ ተጨንቄ ነበር። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ከመዝገብ፣ ከደረሰኝና ከወር መዝጊያ ውጪ ብዙ አልጽፍም። ከጭንቀቴ የገላገለችኝ ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ስለ ሳተላይት የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ እርሷን ለማገዝ ሳነብም ጥቁር ፀጉሯ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ተንጨብርሮ የሚንሳፈፍ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አየሁ። ስሟ ዶክተር ጁዲት ሬዝኒክ ነው። ስትሞት 36 ዓመቷ ነበር። እኔም ዘንድሮ 36 ዓመቴ ነውና ገጹን ገልጬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪኳን ሳነብ ልቤን የያዘው ጠፈር መውጣቷ ብቻ አይደለም። ለኛ ገንዘብ እየቆጠብን ለምንበዳደር ሴቶች የሚሆን አንድ ቁም ነገር አገኘሁበት። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ሕይወቷን ላስተዋውቃችሁ። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅነቷና ትምህርቷ

ጁዲት የተወለደችው ኤፕሪል 5 ቀን 1949 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኤክሮን በምትባል ከተማ ነው። ኤክሮን በመኪና ጎማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ ጁዲት የተማረችበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በጎማ ፋብሪካ ባለቤቶቹ በፋየርስቶን ስም ነው። ይህን የጎማ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በታሪኳ መጨረሻ ይመለሳል።

ቤተሰቧ አይሁዳውያን ነበሩ። አባቷ ማርቪን የዓይን ምርመራና የመነጽር ባለሙያ ሲሆን በምኩራብም ጸሎት በዜማ ይመራ ነበር። ጁዲት ከአባቷ ጋር እጅግ ትቀራረብ ነበር። ወላጆቿ ሲለያዩ ገና ልጅ ሳለች፣ ከእናቷ ይልቅ ከአባቷ ጋር እንድትኖር ራሷ ፍርድ ቤት አመልክታ ተፈቅዶላታል። በቤተሰብ መካከል የገባ ነገር ለማንም ቀላል አይደለምና በዚህ ላይ አልፈርድም። ልጅቷ ግን የምትፈልገውን ለይታ የምታውቅ፣ ያንንም በሥርዓቱ የምትጠይቅ እንደነበረች ያሳያል።

ሁለት ነገር ከሁሉ አብልጣ ትወድ ነበር፤ ሒሳብና ፒያኖ። ፒያኖውን ሰዓታት ቆጥራ እየተለማመደች ጠንካራ ተጫዋች ሆናለች። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በሒሳብ ሙሉውን ነጥብ አገኘች። በ1966 ዛሬ ካርኒጊ ሜለን ተብሎ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ ወደ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተዛወረች። በዚያን ጊዜ በምህንድስና ክፍል ውስጥ ሴት ተማሪ ማየት ብርቅ ነበር። በ1970 በዲግሪ ተመረቀች፤ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ጓደኛዋን አገባች። ትዳሩ በ1975 በፍቺ አበቃ፤ ልጅ አልነበራቸውም።

የሥራ ዘመኗን ስታዩ አንድ ቦታ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሰው አልነበረችም። በአርሲኤ ኩባንያ የራዳር መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ነደፈች፤ ከትንንሽ የምርምር ሮኬቶች መረጃ በሬድዮ በሚቀበለው ሥራም ተሳተፈች። ከ1974 እስከ 1977 በብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም የባዮሜዲካል መሐንዲስ ሆና፣ ዓይን ያየውን ነርቭ እንዴት እንደሚያስተላልፍ በሚጠና ቤተ ሙከራ ሠራች። ያም ሁሉ ሲሆን ትማር ነበር። በ1977 ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዶክትሬቷን አገኘች።

ስድስቱ ሴቶች

ከዚያ አስቀድሞ በ1976 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ አዲስ ጠፈርተኞች እንደሚቀጥርና ሴቶችም ማመልከት እንደሚችሉ አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ከአሜሪካ ወደ ጠፈር የወጡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ከ8000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። በጃንዋሪ 1978 የተመረጡት 35 ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ስድስቱ ሴቶች ናቸው፤ ሳሊ ራይድ፣ ጁዲት ሬዝኒክ፣ ካትሪን ሱሊቫን፣ አና ፊሸር፣ ሪያ ሴደንና ሻነን ሉሲድ። አንዷ የፊዚክስ፣ አንዷ የመሬት ሳይንስ፣ ሁለቱ የሕክምና፣ አንዷ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ነበሩ። መሐንዲሷ ጁዲት ናት።

በስልጠናው ከተሰጧት ሥራዎች ዋናው የመንኮራኩሩ የሮቦት ክንድ ነበር። ይህ ክንድ ወደ 15 ሜትር የሚረዝም፣ ከመንኮራኩሩ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳተላይት አንሥቶ ወደ ውጪ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ጁዲት በዚህ ክንድ ከተካኑት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆነች።

በጁን 1983 ሳሊ ራይድ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች፤ የዓለም ጋዜጠኞች ሁሉ ከበቧት። ሁለተኛዋ ጁዲት ነበረች። ከዓለም ሴቶችም ከሶቪየት ኅብረቶቹ ቫለንቲና ተሬሽኮቫና ስቬትላና ሳቪትስካያ፣ ከዚያም ከሳሊ ቀጥላ አራተኛዋ ናት። ሁለተኛ መሆን ቅር አሰኝቷት እንደሆነ ብዙዎች ጠይቀዋታል። እሷ ግን የመጀመሪያዋም ሁለተኛዋም፣ ሴቷም አይሁዳዊቷም ተብላ ሳይሆን በሥራዋ ብቻ እንድትመዘን ትፈልግ ነበር። ጋዜጠኞች ስለ ትዳርና ስለ ወንድ ጓደኛ ሲጠይቋት ወሬውን ቆርጣ ወደ ሥራዋ ትመልሰው ነበር።

የመጀመሪያው ጠዋት

ጁን 26 ቀን 1984 ጠዋት፣ ጁዲትና አምስት ባልደረቦቿ ፍሎሪዳ በሚገኘው የመተኮሻ ጣቢያ በአዲሷ መንኮራኩር በዲስከቨሪ ውስጥ በቀበቶ ታስረው ተቀምጠዋል። ሄንሪ ሃርትስፊልድ አዛዥ፣ ማይክል ኮትስ አብራሪ ነበሩ። ስቲቨን ሃውሊ፣ ማይክ ሙሌንና ጁዲት የበረራ ባለሙያዎች፣ ቻርለስ ዎከር ደግሞ ከአንድ ኩባንያ የተላከ መሐንዲስ ነበር። ዲስከቨሪ ከዚያ በፊት በርራ አታውቅም።

ቆጠራው ቀጠለ። ሞተሮቹ መነሣት ጀመሩ። አራት ሴኮንድ ሲቀር ኮምፒውተሮቹ በአንደኛው ሞተር ላይ የነዳጅ ቫልቭ በሚገባ አለመከፈቱን አዩና ሁሉንም ነገር አጠፉ። ሞተር ተነሥቶ መልሶ መጥፋት በመንኮራኩር ታሪክ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከመንኮራኩሩ ግርጌ የሃይድሮጂን እሳት እንዳለ ታወቀ። የሃይድሮጂን እሳት በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም። በድንጋጤ ወጥተው ቢሮጡ ኖሮ በማያዩት እሳት ውስጥ ሊያልፉ ይችሉ ነበር። አዛዡ በቦታቸው እንዲቆዩ ወሰነ፤ ውኃ ተረጭቶ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ራሳቸውም ርሰው ወጡ።

በረራው በሁለት ወር ተገፋ። የብዙ ሰው ድካም፣ የብዙ ገንዘብ ወጪ ነው። ሆኖም ስድስቱም በሕይወት ነበሩ። መሣሪያው ጉድለት አየ፤ ጉድለቱን ተናገረ፤ ሥራው ቆመ። ይህችን ጠዋት አስታውሷት።

ስድስቱ የጠፈር ቀናት

ኦገስት 30 ቀን 1984 ዲስከቨሪ ተነሣች። በስድስት ቀን ውስጥ የተሠራው ሥራ በሦስት ሊከፈል ይችላል። እያንዳንዱን ለቤታችን በሚቀርብ ነገር ላስረዳ።

የመጀመሪያው የመገናኛ ሳተላይት ነው። በጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ እንደሚቀር አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መሬት በምትዞርበት ፍጥነት አብሯት ስለሚዞር ነው። ከታች ለሚያየው ሰው የቆመ ይመስላል። ዲስከቨሪ የበረረችው ግን ከመሬት በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳተላይቱ ከዕቃ መጫኛው ከወጣ በኋላ በራሱ ሮኬት ሩቁን መንገድ መውጣት አለበት።

ይህ ሁለተኛው ጉዞ አስጊ ነበር። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ሌላ መንኮራኩር ያወጣቻቸው ሁለት ሳተላይቶች ሮኬታቸው በትክክል ሳይሠራ ቀርቶ ከቦታቸው ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ አንዱ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ነበር። የከሰረው የኢንሹራንስ ገንዘብ ብዙ ነው። ዲስከቨሪ ደግሞ ሦስት ሳተላይት ነበር የጫነችው፤ አንዱ የንግድ ድርጅቶችን የሚያገናኝ፣ አንዱ የስልክ ኩባንያው የኤቲኤንድቲ ቴልስታር፣ አንዱ ለባሕር ኃይል የሚከራይ ነበር። ሦስቱም በሰላም ወጥተው ከቦታቸው ደረሱ። በአንድ የመንኮራኩር ጉዞ ሦስት ሳተላይት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። በኖቬምበር ደግሞ ቀደም ሲል የጠፉትን ሁለቱን ሳተላይቶች ሌላ ቡድን ሄዶ ለቅሞ ወደ መሬት መለሳቸው፤ በዚያ ቡድን የሮቦት ክንዱን የያዘችው ከስድስቱ ሴቶች አንዷ አና ፊሸር ነበረች።

ሁለተኛው ክብደት በሌለበት የሚደረግ ሙከራ ነው። ወተት ስንንጥ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። ጠላ ሲቀመጥ አተላው ከታች ይዘቅጣል። ይህ የሚሆነው የመሬት ስበት ከባዱን ወደ ታች ስለሚጎትት፣ ቀላሉም ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። መሬትን በሚዞር መንኮራኩር ውስጥ ግን መንኮራኩሩም ውስጡ ያለውም ሁሉ አብረው ስለሚወድቁ ከባድና ቀላል የሚባል አይለይም፤ የሚዘቅጥም የሚንሳፈፍም የለም። ቻርለስ ዎከር ይዞት የወጣው መሣሪያ በዚህ ይጠቀማል። ለመድኃኒት የሚሆኑ ረቂቅ የሰውነት ንጥረ ነገሮች የተቀላቀሉበትን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ኃይል ይለያያል። መሬት ላይ ይህ ሲሠራ ኤሌክትሪኩ ፈሳሹን ያሞቀዋል፤ የሞቀውም እንደ ድስት ወጥ ይንፈቀፈቅና የተለየውን መልሶ ይደባልቀዋል። በጠፈር ይህ ችግር የለም። በዚያው በረራ በተማሪ የታሰበ የክሪስታል ማሳደግ ሙከራም ነበር።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የጁዲት ዋና ሥራም ይህ ነበር። መንኮራኩሯ መብራቷን የምታገኘው ከመሬት ይዛ የወጣችውን ሃይድሮጂንና ኦክስጅን በማገናኘት ነው። ያ ሲያልቅ መመለስ ግድ ነው። በእኛ ቋንቋ ያጠራቀሙትን እየበሉ መኖር ማለት ነው። ሰው በጠፈር ለወራት ይኑር ከተባለ የየዕለት ገቢ ያስፈልጋል፤ ጠፈር ላይ የማይቋረጠው ገቢ ደግሞ ፀሐይ ናት። ችግሩ ብዙ ኃይል የሚሰጥ የፀሐይ ክንፍ ትልቅ መሆኑ ነው። ትልቅ ነገር ደግሞ በመንኮራኩር ዕቃ መጫኛ አይገባም።

መሐንዲሶቹ ያሰቡት እንደ ነጠላ የሚታጠፍ ክንፍ ነው። ሲዘረጋ 31 ሜትር ከፍታና 4 ሜትር ወርድ አለው፤ ይህም የአሥር ፎቅ ሕንፃ ያህል ይቆማል። ሲታጠፍ ግን ውፍረቱ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከስንዝር አይበልጥም። ይህ ክንፍ ሙከራ ስለነበር አብዛኛው ገጹ እውነተኛ የፀሐይ ሴል አልነበረውም። ሊታወቅ የተፈለገው ይዘረጋል ወይ፣ ሲዘረጋ ይወዛወዛል ወይ፣ ከዚያስ ተመልሶ በሥርዓቱ ይታጠፋል ወይ የሚለው ነው። ጁዲት ማብሪያውን ነክታ መጀመሪያ እስከ ሰባ በመቶ፣ ቀጥሎም ሙሉ በሙሉ ዘረጋችው። መንኮራኩሯን ሆን ብለው በትንሹ እየነቀነቁ ውዝዋዜውን በካሜራ ለኩ። ከዚያም አጠፈችው፤ ደግማም ዘረጋችው። ነጠላ አውጥታ አጥፋ የምታውቅ ሴት ሁሉ ከመዘርጋቱ ይልቅ በመጀመሪያው መስመር መልሶ ማጠፉ እንደሚከብድ ትረዳለች። ክንፉ እንደታሰበው ታጠፈ።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ትንሽ ታሪክ አለች። ለሲኒማ የሚሆን ፊልም በትልቅ ካሜራ እየተነሣ ሳለ የጁዲት የሚንሳፈፍ ፀጉር በካሜራው ማዞሪያ ቀበቶ ተያዘ። ባልደረቦቿ ፀጉሩን በመቀስ ቆርጠው አላቀቋት። ካሜራው ለጊዜው ተበላሸ። ጁዲት ነገሩ ለጋዜጠኞች እንዳይነገር አጥብቃ አሳሰበች፤ ባልደረቦቿም ለረጅም ጊዜ ጠበቁላት። ምክንያቷን ለመረዳት አይከብድም። ወሬው ቢወጣ ስለ ፀሐይ ክንፉ የሚጽፍ አይኖርም፤ የሴት ፀጉር በጠፈር ችግር ፈጠረ የሚል ርዕስ ብቻ ይታተም ነበር። ለቴሌቪዥን ካሜራ ያሳየችው ለአባቷ ሰላምታ የጻፈችበትን ወረቀት ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን ካሊፎርኒያ በሰላም አረፉ። ጁዲት በጠፈር የቆየችው ከ144 ሰዓት በላይ ነው።

ሁለተኛው ጠዋት

ጁዲት ለሁለተኛ በረራዋ የተመደበችው በቻሌንጀር ነው። አብረዋት የነበሩት ዲክ ስኮቢ፣ ማይክል ስሚዝ፣ ኤሊሰን ኦኒዙካ፣ ሮናልድ ማክኔር፣ ግሪጎሪ ጃርቪስና መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ናቸው። የጫኑት ዕቃ ከመጀመሪያው በረራዋ ጋር ይመሳሰል ነበር። ከመንኮራኩሮች የሚላከውን መልእክትና መረጃ ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያስተላልፍ ትልቅ የመገናኛ ሳተላይት ነበር። ጃርቪስ ፈሳሽ ነገር ክብደት በሌለበት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠናበት ሙከራም ነበር። የሃሌይን ጅራታም ኮከብ የሚመለከት አነስተኛ ሳተላይትም ነበር፤ ያንን በሮቦት ክንድ ማውጣት ከጁዲት ሥራዎች አንዱ ነው።

የጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ሌሊት በፍሎሪዳ ያልተለመደ ብርድ ወረደ። በመተኮሻው ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል። በዚያ ምሽት የሮኬቱ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ከመንኮራኩሩ ጎን ያሉት ሁለት ትልልቅ ሮኬቶች በየክፍሉ ተገጣጥመው የሚሠሩ ናቸው፤ በመገጣጠሚያቸው ላይ ጋዝ እንዳያሾልክ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት አለ። ፕሬዠር ድስት ያላችሁ በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎማ ታውቃላችሁ። ጎማው ከደረቀ ድስቱ ያሾልካል። ብርድም ጎማን እንዲሁ ያደርቀዋል። ከቀደሙት በረራዎች ተመልሰው በተመረመሩ ሮኬቶች ላይ ጎማው የተቃጠለ ምልክት ታይቷል፤ ከሁሉ የባሰውም በብርድ ቀን በተደረገ በረራ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ መተኮስ የለበትም አሉ።

ማስጠንቀቂያው ከናሳ ኃላፊዎች ዘንድ ቅሬታን አስነሣ። በረራው ብዙ ጊዜ ተላልፏል፤ መርሐ ግብሩ ወደ ኋላ ቀርቷል። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ተመካከሩና የመሐንዲሶቻቸውን ቃል ሽረው ይተኮስ አሉ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት ከፍተኛ ኃላፊዎች ክርክሩ መኖሩን እንኳ አልሰሙም። ጁዲትና ስድስቱ ባልደረቦቿም አልሰሙም።

በማግስቱ ጃንዋሪ 28 ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መንኮራኩሯ ተነሣች። ተማሪዎች መምህርቷን ለማየት በየትምህርት ቤታቸው ቴሌቪዥን ከፍተው ነበር። በ73ኛው ሴኮንድ ቻሌንጀር በሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም አለፉ። የጎማ ከተማ ልጅ ጁዲት በጎማ ቀለበት ምክንያት ሞተች።

ከሞቷ በኋላ

አደጋውን የመረመረው የፕሬዝዳንቱ ኮሚሽን ነው። ከአባላቱ አንዷ የጁዲት የስልጠና ጓደኛ ሳሊ ራይድ ነበረች። ሳሊ በ2012 ካረፈች በኋላ እንደተገለጸው፣ ጎማው በብርድ እንደሚደርቅ የሚያሳየውን የናሳ ሰነድ ለሌላ የኮሚሽኑ አባል በጸጥታ ያቀበለችው እሷ ናት። ስሟ እንዲነሣ አልፈለገችም፤ ወረቀቱ እንዲታይ ብቻ ነው የፈለገችው። ኮሚሽኑ የጎማውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአወሳሰኑንም ጉድለት በግልጽ ጻፈ። መገጣጠሚያው እንደገና ተነደፈ። መንኮራኩሮች ለ32 ወራት ቆሙ።

በሴፕቴምበር 1988 ሥራውን እንደገና የጀመረችው ጁዲት የመጀመሪያ በረራዋን ያደረገችባት ዲስከቨሪ ናት። የጫነችውም ከቻሌንጀር ጋር የጠፋውን ዓይነት የመገናኛ ሳተላይት ነበር። በዲሴምበር 2000 ደግሞ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ግዙፎቹ የፀሐይ ክንፎች ተዘረጉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 35 ሜትር ይረዝማሉ። ታጥፈው ወጥተው በጠፈር የተዘረጉ ናቸው፤ መንገዱን የጠረገላቸው ጁዲት በ1984 የዘረጋችውና ያጠፈችው ክንፍ ነው። ሰዎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጡ በጠፈር የኖሩት በዚያ የፀሐይ ገቢ ነው።

በጨረቃ ላይ በስሟ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። በትውልድ ከተማዋም ትምህርት ቤት ተሰይሞላታል፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበርም በስሟ ሽልማት አቋቁሟል።

ለኛ ምን ይላል?

እህቶቼ፣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይህ ነው። ጁዲት ጉድለት ባለበት ሮኬት ላይ ሁለት ጊዜ ታስራ ተቀምጣለች። በመጀመሪያው ጠዋት ጉድለቱን ያየው ኮምፒውተር ነበር፤ ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም፤ አለቃ ይቆጣኛል ብሎ አይፈራም። አራት ሴኮንድ ሲቀር አቆመው። በሁለተኛው ጊዜ ጉድለቱን ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ጊዜም ነበራቸው። ተናገሩ፤ ግን አልተሰሙም። የተሳፈሩትም አልተጠየቁም።

ይህን ሳነብ የራሴን ጥፋት አስታወስኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አገኘሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። በዓመት መዝጊያ ይስተካከላል ተባልኩ። ከእኔ የሚበልጥ ትምህርትና ዕድሜ ካለው ሰው ጋር መከራከር አፍሬ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ወር ሌላ መጣ፤ አንዴ ስለፈረምኩ ሁለተኛውን መከልከል ይበልጥ ከበደኝ። በመጨረሻ ጉድለቱ ሲገለጥ ከሥራ የወጣችው ከሁላችን ያነሰ ጥፋት የነበረባት ገንዘብ ያዥ ናት። ሁለት ልጆች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። እኔ ዛሬም በሥራ ላይ ነኝ።

በማኅበራችን ሣጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ እንጀራ ጋግራ፣ ሽንኩርት ቸርችራ፣ የሰው ልብስ አጥባ የምታመጣ ሴት ቁጠባ ነው። ደጋፊዎቻችን የሚልኩልንም በአደራ የተሰጠን ነው። እኛም ሁላችን አብረን ተሳፍረናል። ወርሃዊ ሒሳብ ሲነበብ ብዙዎቻችን ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ እጃችንን አውጥተን እናጸድቃለን። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ደግሞ አናውቅም ብለው ዝም ይላሉ። እኔም የሒሳብ ሠራተኛችሁ ሆኜ ጥያቄ ሲቀንስ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ዝምታው ያስፈራኛል።

ስለዚህ ለሥራ አመራር ኮሚቴያችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ያልተስማማበት ነገር ካለ ኮሚቴው ዘንድ ሳይቀር ለጠቅላላ አባላት እንዲነበብ፤ ገንዘቡ የነሱ ነውና ተሳፋሪዎቹ ይስሙ። ሁለተኛ፣ ማንኛዋም አባል፣ የተማረችም ያልተማረችም፣ አልገባኝም ካለች እስኪገባት ድረስ ያ ክፍያ እንዲቆም። ብድር የምትጠብቅ እህት አንድ ሳምንት ልትዘገይ ትችላለች፤ ያስከፋል። የዲስከቨሪም መንገደኞች ሁለት ወር ዘግይተዋል፤ ግን ደርሰው ተመልሰዋል።

የልጄ የቤት ሥራ አልቆ ተሰጥቷል። በወረቀቱ ላይ የታጠፈውን የፀሐይ ክንፍ ሥላለች፤ አጠገቡ ፀጉሯ የተንጨባረረ ሴት አለች። ስታድግ መሐንዲስ ትሁን አትሁን አላውቅም። ያየችውን ጉድለት ግን አፍራ እንዳትፈርም እመኛለሁ።

በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ መዝገቡን ይዤ እጠብቃችኋለሁ። ጠይቁኝ።